የሌላ ሰው መልእክት ተሸካሚዎች፦ የቶር መረብ ታሪክ

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1995 መጀመሪያ የፊንላንድ ፖሊስ ዮሃን ሄልሲንጊየስ ከተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ዘንድ አንድ ስም ፈልጎ መጣ። ሰውየው ከ1993 ጀምሮ «አኖን ፔኔት» የሚባል ነጻ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ላኪው ኢሜይሉን ወደ ሄልሲንጊየስ ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩ የላኪውን ስምና አድራሻ ፍቆ በምትኩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ መልእክቱን ወደ ተቀባዩ ያሳልፋል። ስለ በሽታው፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ እምነቱ በስሙ መናገር ያልፈለገ ሰው ሁሉ በቁጥር ይናገር ነበር።

የሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያን «የግል ሰነዶቼ በዚህ አገልግሎት በኩል አደባባይ ወጡ» ብላ አመለከተች። ፖሊስ የብርበራ ፈቃድ ይዞ ሲመጣ ሄልሲንጊየስ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረው፦ ወይ የተፈለገውን አንድ ስም መስጠት፣ ወይ የሁሉም ስም ያለበትን ኮምፒውተር ማስረከብ። አንዱን ስም ሰጠ። በዓመቱ ተመሳሳይ ክርክር እንደገና ሲነሳ ኦገስት 30 ቀን 1996 አገልግሎቱን ራሱ ዘጋው። በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ወደ 700,000 ይጠጉ ነበር።

ሄልሲንጊየስ ከሃዲ አልነበረም። ችግሩ የሰውየው ጠባይ ሳይሆን የቤቱ አሠራር ነው። የሁሉም ምስጢር በአንድ ሰው እጅ ካለ፣ ያ ሰው የተያዘ ቀን ሁሉም ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የስም መሰወሪያ ቴክኖሎጂ ታሪክ ለዚህ አንድ ችግር መልስ ፍለጋ ነው። የተገኘው መልስ ከሒሳብ ቀመሩ ይልቅ በሰው ላይ የቆመ ነው፤ የማያውቁትን ሰው መልእክት ለመሸከም ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ላይ።

◾ ባሕር ኃይሉ ሕዝብ ፈለገ

ሐሳቡ የቆየ ነው። ዴቪድ ቻውም የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ መልእክት በተለያዩ ኮምፒውተሮች በኩል እየተቀላቀለ ቢያልፍ ላኪና ተቀባዩን ማገናኘት እንደሚከብድ አሳይቶ ነበር። ሐሳቡን ለኢንተርኔት እንዲመች አድርገው የሠሩት ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ የነበሩት ፖል ሲቨርሰን፣ ማይክል ሪድ እና ዴቪድ ጎልድሽላግ ናቸው።

የገጠማቸው ጥያቄ ይህ ነው። ምስጠራ የተባለውን ነገር ይደብቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ግን አይደብቅም። በሰው አገር ሆቴል ውስጥ ያረፈ አንድ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ወደ ዋሽንግተን ወታደራዊ ኮምፒውተር ቢገናኝ፣ መልእክቱ ባይነበብም ግንኙነቱ ብቻውን ማንነቱን ይናገራል። ለሰላዩ ከቃሉ ይልቅ አድራሻው አደጋ ነው።

መፍትሔውን «የሽንኩርት ቅብብል» አሉት። መልእክቱ እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ በምስጠራ ይጠቀለልና በሦስት ኮምፒውተሮች በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን አንድ ልጣጭ ብቻ ይልጣል። የመጀመሪያው መልእክቱ ከማን እንደመጣ ያያል፤ ወዴት እንደሚያደርስ ግን አያውቅም። የመካከለኛው ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ ያውቃል። የመጨረሻው መልእክቱ ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሚሄድ ያያል፤ ማን እንደላከው ግን አያውቅም።

በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን የሚመስል ነገር አለ። በአብዮቱ ዘመን በኅቡዕ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች አባሎቻቸውን በሴል ያደራጁ ነበር። አንድ አባል የሚያውቀው የሴሉን ጓዶችና ከበላይ የሚያገናኘውን ሰው ነው፤ ያውም በድርጅት ስማቸው። ቢያዝ፣ ቢገረፍ፣ ሊያወጣ የሚችለው የሚያውቀውን ያህል ነው። የሽንኩርቱ ቅብብል ይህንኑ ጥበብ ለኮምፒውተር አስተማረ። ያልተነገረውን ማንም ገርፎ አያወጣውም።

ተመራማሪዎቹ ግን አንድ ቋጠሮ ቀራቸው። መረቡን ባሕር ኃይሉ ብቻ ቢጠቀምበት ከመረቡ የሚወጣ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ይታወቃል። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ነጭ የለበሰን ሰው መርጦ ማግኘት ከባድ ነው፤ በአዘቦት ቀን ግን ነጭ ለባሹ ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ ሰላዩ እንዲሰወር ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ጋዜጠኛው፣ ከባሏ የሸሸችው ሴት፣ ሌባውም ጭምር በዚያው መንገድ መሄድ ነበረባቸው። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ኃይለኛ የሆነው የጦር ተቋም ለራሱ የሠራውን መሣሪያ ለሁሉም ካልሰጠ ለራሱም አይሠራለትም ነበር።

◾ ከላቦራቶሪ ወደ ፈቃደኛ

ሲቨርሰን ከኤም አይ ቲ የወጡትን ሮጀር ዲንግልዳይንን እና ኒክ ማቲውሰንን ይዞ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። የመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ በሴፕቴምበር 2002 ሥራ ጀመረ፤ ስሙም ቶር ተባለ። በኦክቶበር 2003 መረቡ ለሕዝብ ተከፈተ፤ የፕሮግራሙ ኮድም ማንም እንዲያየው፣ እንዲመረምረው፣ እንዲያሻሽለው በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ። በዚያ ዓመት መጨረሻ መረቡን የተሸከሙት ኮምፒውተሮች ከአሥራ ሁለት ገደማ አይበልጡም፤ አብዛኞቹ አሜሪካ፣ አንዱ ጀርመን። በ2004 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብቶች ድርጅት ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በዲሴምበር 2006 ደግሞ ቶር ፕሮጀክት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተመሠረተ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ከአሜሪካ ጦር የወጣ፣ ለብዙ ዓመታትም ከበጀቱ ትልቁን ክፍል ከአሜሪካ መንግሥት ያገኘ መሣሪያ እንዴት ይታመናል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ «ሠሪዎቹ ደጎች ናቸው» የሚል አይደለም። አንደኛ፣ ኮዱ አደባባይ ላይ ነው፤ የተደበቀ በር ቢኖር በመላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች ሊያዩት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት በመረቡ ተቸግሯል። ኤድዋርድ ስኖውደን ካወጣቸውና ዘ ጋርዲያን በኦክቶበር 2013 ካተማቸው ሰነዶች መካከል የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ስለ ቶር ያዘጋጀው ገለጻ ይገኝበታል። ኤጀንሲው አንዳንድ ተጠቃሚዎችን አንዳንድ ጊዜ ለይቶ ማወቅ ቢችልም፣ ሁሉንም ሁልጊዜ ማወቅ እንደማይችል አምኖ ነበር። የአንዱ መሥሪያ ቤት በጀት ያሳደገውን ሌላው መሥሪያ ቤት ለመስበር ይታገል ነበር ማለት ነው።

◾ ሪሌይ ማቋቋም

ሪሌይ ማለት በመረቡ ውስጥ የሌላውን ሰው መልእክት ተቀብሎ የሚያሳልፍ ኮምፒውተር ነው። ለማቋቋም የረቀቀ እውቀት አይጠይቅም። ሁልጊዜ በርቶ የሚውልና የሚያድር ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ከሰርቨር አከራዮች በወር ኪራይ ይወስዳሉ። በላዩ ላይ ፕሮግራሙ ይጫናል። ከዚያ «ቶር አርሲ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል ተከፍቶ ጥቂት መስመሮች ይሞላሉ፦ የሪሌዩ ስም፣ ባለቤቱ የሚገኝበት ኢሜይል፣ ግንኙነት የሚቀበልበት ፖርት፣ ሊሰጥ የፈቀደው የኢንተርኔት ፍጥነት መጠን፣ እና ከሁሉ በላይ «መውጫ ነኝ ወይስ አይደለሁም» የሚለው መስመር። ቶር ፕሮጀክት የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም ወደ ላይም ወደ ታችም በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ በወር ቢያንስ 100 ጊጋባይት ማስተላለፍ ነው።

ሪሌዩ ሲከፈት መረቡ ወዲያው አያምነውም። ለአዲስ ጎረቤት በመጀመሪያው ቀን የቤት ቁልፍ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ፍጥነቱና ጽናቱ ይለካል። ከስምንተኛው ቀን ገደማ በኋላ ተጠቃሚዎች መጀመሪያ የሚገናኙት መግቢያ ሪሌይ ለመሆን ሊታጭ ይችላል። ሙሉ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። የትኛው ሪሌይ እንዳለ፣ የትኛው እንደሚታመን በየሰዓቱ ድምፅ ሰጥተው ዝርዝር የሚያወጡት በተለያዩ ሰዎችና ድርጅቶች እጅ ያሉ ዘጠኝ የመዝገብ ሰርቨሮች ናቸው። አንዱ ቢሰረቅ ወይም ቢገዛ ሌሎቹ እንዲሽሩት ታስቦ ነው። የሄልሲንጊየስ ትምህርት እዚህም አለ፤ መዝገቡ እንኳ በአንድ እጅ አልተተወም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው ተረት ይህን መረብ ይገልጸዋል። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሪሌዮች በየቀኑ ከሁለት ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሰዎችን ይሸከማሉ።

ሎሚው ግን ለሁሉም እኩል አይከብድም። መግቢያና መካከለኛ ሪሌይ የያዘ ሰው የሚያየው የተመሰጠረ ነገር ነው፤ ችግርም እምብዛም አያገኘውም። ሸክሙ ያለው መውጫው ላይ ነው። አንድ ሰው በቶር በኩል ፖለቲከኛ ቢሳደብ፣ ባንክ ሊሰርቅ ቢሞክር፣ ፖሊስ የሚያገኘው አይፒ አድራሻ የጥፋተኛውን ሳይሆን የመውጫ ሪሌዩን ነው። ቶር ፕሮጀክት ራሱ «መውጫ ሪሌይ ከቤታችሁ አታሂዱ» ብሎ የሚመክረው ለዚህ ነው።

መውጫው ሌላም ጉድ አለው። በ2007 አንድ ስዊድናዊ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ አምስት መውጫ ሪሌዮች አቋቁሞ የሚያልፈውን ያዳምጥ ጀመር። መቶ ገደማ የሚሆኑ የኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኢሜይል የይለፍ ቃሎችን ሰብስቦ አደባባይ አወጣ። ተጠቃሚዎቹ «ቶር አለን» ብለው ተማምነው ያልተመሰጠረ ኢሜይል ይከፍቱ ነበር። ቶር የሚሰውረው ማንነትን እንጂ ከመውጫው በኋላ የሚሄደውን ቃል አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በራሱ የተመሰጠረ በመሆኑ አደጋው ቀንሷል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። በቶር ገብቶ በእውነተኛ ስሙ ፌስቡክ የሚከፍት ሰው ፊቱን ሸፍኖ ስሙን እየጠራ እንደሚሄድ ነው።

◾ የሸካሚው ዋጋ

በኖቬምበር 2012 የኦስትሪያ ፖሊስ በግራዝ ከተማ የአንድ ወጣት ቤት በረበረ። ባቋቋመው መውጫ ሪሌይ በኩል የሕፃናት ጥቃት ምስሎች አልፈዋል ተባለ። ወጣቱ ምስሎቹን አልላከም፣ አላየም። ቢሆንም በ2014 ፍርድ ቤት «ተባባሪ» ብሎ የአምስት ወር የገደብ እስራት ፈረደበት።

በ2015 ክረምት በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ ሌበነን በምትባል ትንሽ ከተማ (ከመካከለኛው ምሥራቋ ሊባኖስ ጋር ከስም በቀር ዝምድና የላትም) የሚገኘው ኪልተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መካከለኛ ሪሌይ ከፈተ። ሥራውን ያገዘው የላይብረሪ ባለሙያዎችን ስለ ግላዊነት የሚያሠለጥነው ላይብረሪ ፍሪደም ፕሮጀክት ነው። ዜናው እንደተሰማ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለአካባቢው ፖሊስ ኢሜይል ላከ። ፖሊስና የከተማው ባለሥልጣናት ቤተ መጻሕፍቱን አነጋገሩ፤ ሪሌዩ ጠፋ። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ነገሩን በጓዳ አልጨረሰውም። ሴፕቴምበር 15 ቀን የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ተካሄደ። ነዋሪዎች መጥተው ደገፉ፤ ሪሌዩ ተመልሶ በራ። የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ክርክር ቀላል ነበር፦ ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ ለፖሊስ የማንነግር ከሆነ፣ ማን ምን ድረ ገጽ እንዳነበበ የምንነግረው ለምንድን ነው?

ይህ የሆነው ባለሥልጣን ሲጠይቅ በስብሰባ መልስ መስጠት በሚቻልበት አገር ነው። በኤፕሪል 2017 በሞስኮ የሒሳብ መምህሩ ዲሚትሪ ቦጋቶቭ ታሰረ። ከእሱ መውጫ ሪሌይ አይፒ አድራሻ ሰዎችን ለሁከት የሚጠራ ጽሑፍ ተለጥፎ ተገኘ። ጽሑፉ በተለጠፈበት ሰዓት ከባለቤቱ ጋር ሌላ ቦታ እንደነበር የደኅንነት ካሜራ ምስል ሳይቀር ቀረበ። ቢሆንም ወራት በእስር፣ ቀጥሎም በቤት ውስጥ ቁም እስር ቆየ። ክሱ የተነሳለት በሜይ 2018 ነው። ሌላ ሰው ለጻፈው ቃል አንድ መምህር ከአንድ ዓመት በላይ ዋጋ ከፈለ።

ጀርመንም አልቀረላትም። በጁን 2018 ፖሊስ መውጫ ሪሌዮችን በመደገፍ የሚታወቀውን፣ ስሙ «የሽንኩርት ወዳጆች» የሚል ትርጉም ያለውን ማኅበር የቦርድ አባላት ቤቶች በረበረ። ማኅበሩ አልተከሰሰም፤ በምስክርነት ስም ነው ሰነዶቹ የተወሰዱት። ምክንያቱም በሌላ ጉዳይ ከሚፈለግ ብሎግ ጋር የተያያዘ የኢሜይል አገልግሎት የሚያገኘውን እርዳታ ማኅበሩ ይቀበልለት ስለነበር ነው። በኦገስት የሙኒክ ፍርድ ቤት ብርበራው ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ወሰነ።

በአራቱ አገሮች ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። መንግሥት ተናጋሪውን ማግኘት ሲያቅተው ተሸካሚውን ያዘ። ልዩነቱ ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ጋ ስብሰባ አለ፣ አንዱ ጋ የሚሽር ፍርድ ቤት አለ፣ አንዱ ጋ ደግሞ መጠበቅ ብቻ ነው። መረቡ በጀርመን፣ በአሜሪካና በኔዘርላንድስ የተከማቸው፣ የአፍሪካ ድርሻ ደግሞ እጅግ አነስተኛ የሆነው ርካሽና ፈጣን ኢንተርኔት እዚያ ስላለ ብቻ አይደለም። ሸካሚውን የሚጠብቅ ሕግ ያለበትን ቦታ ሪሌዩ ራሱ ይፈልገዋል።

◾ ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ

በሜይ 2012 መጨረሻ ቶር ፕሮጀክት አንድ ማስታወቂያ አወጣ። በኢትዮጵያ ብቸኛው የቴሌኮም አቅራቢ ዲፕ ፓኬት ኢንስፔክሽን የሚባለውን ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ አውሏል ወይም እየሞከረ ነው የሚል ነበር። ይህ ቴክኖሎጂ አድራሻ አይቶ ብቻ አይዘጋም፤ የሚያልፈውን የዳታ ጥቅል ከፍቶ ጠባዩን ይመረምራል። የቶር ግንኙነት ሲጀመር የሚለዋወጠውን ሰላምታ ለይቶ አወቀው፤ እሱን ባየ ጊዜ መስመሩን ቆረጠ። ቶር ፕሮጀክት ተመሳሳይ አፈና ቀደም ሲል ያየባቸው አገሮች ቻይና፣ ኢራንና ካዛኪስታን ነበሩ።

መልሱ በዚያው ዓመት ለኢራን ተብሎ ተሠርቶ ነበር። «ድልድይ» የሚባሉት በአደባባይ ዝርዝር ላይ የማይወጡ ሪሌዮች ናቸው። በእነሱ ላይ «ኦብፍስፕሮክሲ» የሚባል ፕሮግራም ሲጨመር የቶር ግንኙነት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ዳታ ይመስላል። መርማሪው ማሽን ሰላምታውን ፈልጎ አያገኘውም። አዲስ አበባ ሆኖ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው፣ ስሙን በማያውቀው፣ ምናልባት ኢትዮጵያን በካርታ ላይ ለይቶ በማያውቅ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ ነው ያለፈው።

ከቴክኖሎጂው ይልቅ የከበደው ግን የሕጉ ዱላ ነው። በኤፕሪል 2014 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በጁላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ሲከሰሱ ከክሱ ውስጥ ዲጂታል ግንኙነትን ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው፣ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች የተዘጋጀ የመሣሪያዎች ስብስብ መጠቀማቸው ይገኝበት ነበር። በርን መቆለፍ ራሱ የወንጀል ማስረጃ ሆነ። አምስቱ በጁላይ 2015 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2015 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። እስከዚያ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል።

መንግሥቱ በመዝጋት ብቻ አልቆመም። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በ2013ና በ2014 ባወጣቸው ጥናቶች፣ ፊንፊሸር እና ሃኪንግ ቲም የተባሉ ኩባንያዎች የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያውያን ላይ ማነጣጠሩን ገለጸ፤ ከዒላማዎቹ መካከል በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ነበሩበት። እዚህ ላይ የቶርን ልክ ማወቅ ይገባል። ሰላዩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ ቁልፍ ሰሌዳው ሲነካ ያያል፤ ሦስት ሪሌይም ሰላሳ ሪሌይም አያድንም።

በ2016 መጨረሻ ከቶር ፕሮጀክት የወጣው ኡኒ የተባለው የኢንተርኔት አፈና መለኪያ ፕሮጀክት ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ባወጣው ሪፖርት ዋትሳፕ፣ የዜና ድረ ገጾችና የማለፊያ መሣሪያዎች ድረ ገጾች መዘጋታቸውን በመለኪያ አሳየ። በጁን 2018 መንግሥት 264 የተዘጉ ድረ ገጾችንና ብሮድካስተሮችን መክፈቱን አሳወቀ። ብዙዎች «ያ ዘመን አለፈ» አሉ። አላለፈም። በጁን 2020 መጨረሻ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠች። መስመሩ ጨርሶ ሲቆረጥ ቶርም ቪፒኤንም ምንም ናቸው፤ መንገድ በሌለበት አቋራጭ የለም። በፌብሩዋሪ 2023 በቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ውዝግብ ወቅት ደግሞ ኢንተርኔቱ ሳይቆረጥ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ቴሌግራም ተዘጉ። እገዳው እስከ ጁላይ፣ አምስት ወር ቆየ።

በእነዚያ አምስት ወራት የአገሬው ሰው ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ጫነ። እዚህ ላይ የሄልሲንጊየስ ታሪክ ይመለሳል። ቪፒኤን አንድ ኩባንያ ነው፤ ማን እንደገባና ወዴት እንደሄደ አንድ ቤት ውስጥ ያውቃል። ብዙ ሰው ከአንዱ ዓይን ሸሽቶ ማንነቱን በማያውቀው ሌላ ዓይን ሥር ገባ። ፊልም ለማየት ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ምንጩን ለሚደብቅ ጋዜጠኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሌብነት ለሚያጋልጥ ሠራተኛ ግን ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

◾ «ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?»

ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ቶር የጻድቃን መንገድ ብቻ አይደለም። ሲልክ ሮድ የተባለው የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ ከ2011 እስከ 2013 የሠራው በቶር ላይ ነው። የሕፃናት ጥቃት ምስል የሚለዋወጡም ተጠቅመውበታል። ይህን መካድ ውሸት ነው። ነገር ግን የሲልክ ሮድ መሥራች ሮስ ኡልብሪክት የተያዘው መረቡ ተሰብሮ አይደለም። ገና በጅምሩ በራሱ ስም የተከፈተ ኢሜይል አድራሻ አደባባይ ላይ ጽፎ ተገኘ፤ በኋላም ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ተያዘ። የድሮው የፖሊስ ሥራ ዛሬም ይሠራል።

መረቡ የማይሰበርም አይደለም። በ2014 ከጃንዋሪ 30 እስከ ጁላይ 4፣ ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተያያዙ 115 ሪሌዮች በመረቡ ውስጥ ተሰግስገው ተጠቃሚዎችን ለመለየት ሲሠሩ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ውጤቱን በሕግ ትእዛዝ ወሰደ። በ2021 ደግሞ ለዓመታት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሪሌዮችን ያሰማራ፣ ማንነቱ ያልታወቀ አካል ተደርሶበት ሪሌዮቹ ከመረቡ ተባረሩ። ጠላት ሸካሚ መስሎ ሊገባ ይችላል። መከላከያው አንድ ነው፤ እውነተኛ ሸካሚዎች መብዛት። ሰርጎ ገቡ የሚያሸንፈው ሕዝቡ ሲያንስ ነው።

«ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?» ለሚለው ደግሞ የአገሩ ታሪክ መልስ አለው። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። የእረኛው ዘፈን እውነት ይዞ ቤተ መንግሥት የሚደርሰው ባለቤት ስለሌለው ነው። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ከሸለቆ ሸለቆ ሲቀባበሉት ሁሉም የሁሉ ያደርገዋል። ገጣሚው ተፈልጎ የሚቀጣ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ዘፈኑ ውዳሴ ብቻ በሆነ ነበር። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚል ሕዝብ፣ ስም የሌለው ቃልም ዋጋ እንዳለው አውቆ ኖሯል።

◾ ወደፊት

በዲሴምበር 2021 ሩሲያ ቶርን መዝጋት ጀመረች፤ በመረቡ ተጠቃሚ ብዛት ሁለተኛ የነበረች አገር ናት። በሴፕቴምበር 2022 ማሃሳ አሚኒ ከሞተች በኋላ ኢራን አፈናውን አጠበቀች። በሁለቱም አገሮች የብዙ ሰው መሸሻ የሆነው «ስኖውፍሌክ» የሚባለው ዘዴ ነው። ፈቃደኛው ሰርቨር መከራየት፣ ፋይል መሙላት አይጠበቅበትም። ብራውዘሩ ላይ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ይጭናል፤ ኮምፒውተሩ በርቶ እስካለ ድረስ ለታፈነው ሰው ጊዜያዊ ድልድይ ይሆናል። መውጫ አይሆንም፤ ተጠቃሚው የሚጎበኘው ድረ ገጽ የፈቃደኛውን አይፒ አድራሻ አያይም። ግራዝና ሞስኮ የሆነው ዓይነት ነገር በእሱ ላይ የሚደርስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

አገር ቤት ያለ ሰው ይህን ሸክም እንዲሸከም መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም፤ የዞን ዘጠኙ ክስ ገና ከሰው ልብ አልጠፋም። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት፣ በስቶክሆልም ያለው ወገን ግን ሌላ ነው። ሕግ ይጠብቀዋል፤ ኢንተርኔቱ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ ያድራል። ለቀብር ዕድር፣ ለሠርግ መዋጮ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ለቃል ማለፊያ የሚሆን ትንሽ መዋጮ አይከብደውም።

አገር ቤት ላለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። የሚዘጋ ሁሉ የሚጀምረው መክፈቻውን በመዝጋት ነው፤ የ2016ቱ ሪፖርት የማለፊያ መሣሪያዎቹ ድረ ገጾች ራሳቸው ተዘግተው እንዳገኘ ልብ ይሏል። ቶር ብራውዘርን ማውረድም፣ የድልድዩን አሠራር መልመድም መስመሩ ክፍት በሆነበት በዛሬው ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።